ዛጎሉን የያዘውና ዛጎሉን የጣለው



በዚህ ወር የምናወራው ስለ ሁለት የባሕር እንስሳት ነው። «ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር እንስሳ ምን አወራን?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ ከሁለቱ እንስሳት አንደኛው ከብዙዎቻችን ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ በድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። ሁለተኛው ግን እዚያው ባሕር ውስጥ ኖሮ ሊሆን ቢችልም አንዳች ምልክት አልተወም። አንዱ ለምን ቀረ፣ ሌላው ለምን ጠፋ? የዛሬው ጨዋታችን ይኸው ነው።

ነገሩን ከመቻራ እንጀምር። ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ተነስቶ በገለምሶ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ዳሮ ለቡ ወረዳ ሲደርስ መቻራን ያገኛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በቡናዋ፣ በጫቷ፣ በማሽላዋና በእርሻ ምርምር ማዕከሏ የሚያውቃት ብዙ ነው። ከመሬቷ በታች ያለውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከመሬቷ በታች ዋሻዎች አሉ፤ በአካባቢው አነጋገር ሆልቃ። አቼሬና ሩኬሳ የተባሉት ከእነዚሁ መካከል ናቸው። ዋሻዎቹን ቀስ በቀስ የቦረቦራቸው ውሃ ሲሆን የተቦረቦረው ደግሞ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ የኖራ ድንጋይ የባሕር ወለል ነበር።

አዎን፣ የባሕር ወለል። የሥነ ምድር ሊቃውንት ጁራሲክ በሚሉት ዘመን፣ ከዛሬ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዛሬ ሐረርጌ፣ ባሌና ኦጋዴን የምንለውን ምድር፣ አልፎም እስከ ዓባይ ሸለቆና እስከ ትግራይ ድረስ ያለውን፣ ጥልቀቱ ብዙ ያልሆነ ባሕር ሸፍኖት ነበር። ባሕሩ የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው። ለረጅም ዘመን ከቆየ በኋላ ሸሸ፤ ወለሉ ደርቆ ድንጋይ ሆነ፤ ምድሩም ከፍ እያለ ሄደ። እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ሊቅ ዊልያም ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር መጥቶ ይህን ድንጋይ ትግራይ ውስጥ አየውና፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ በሕንጣሎ ስም «አንታሎ» ብሎ ሰየመው። በባሌ የሶፍ ዑመር ዋሻ፣ ሸኽ ሶፍ ዑመር ተጠግተውበታል የሚባለውና የዌብ ወንዝ ሰንጥቆት የሚያልፈው፣ የተፈለፈለው በዚያው ዘመን ድንጋይ ውስጥ ነው። የሙገርና የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚፈጩትም የዚያኑ ባሕር ወለል ነው። ቤታችሁ በሲሚንቶ ተለስኖ እንደሆነ ግድግዳችሁ ውስጥ የጥንት ዛጎል ዱቄት አለ ማለት ነው።

በዚህ ድንጋይ ውስጥ ከሚገኙት ቅሪቶች አንዱ ባለ ሁለት ክዳኑ የባሕር እንስሳ ነው። ፈረንጆቹ ክላም ይሉታል። እኛ ዘንድ የተለየ ስም ስለሌለው እዚህ «ባለ ክዳኑ» እያልን እንጥራው። የሚወዳደረው ደግሞ ዛጎል አልባው የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። እርሱን «ራቁቱ» ብንለው አያስቀይመውም።

ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሞለስክ የሚባለው የልስልሶች ወገን በክረምት ጓሯችን ውስጥ ከምናየው ቀንድ አውጣ ጀምሮ ስምንት ክንድ እስካለው ኦክቶፐስ ድረስ ያካትታል። አጥንት የላቸውም፤ ሰውነታቸው ልስልስና እርጥብ ነው፤ ጀርባቸውን እንደ ካባ የሚሸፍን ቆዳ አላቸው። ዛጎሉን የሚሠራው ይህ ካባ ነው። ከባሕር ውሃ ካልሲየም ይወስድና ከካርቦኔት ጋር አዋሕዶ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ያነባብራል። ውጤቱ ያው ኖራ ነው።

ባለ ክዳኑ በዚህ ካባ ሥራ ሙሉ ለሙሉ የተማመነ ፍጡር ነው። ሁለት ክዳኖቹ ከኋላ በማጠፊያ ተያይዘዋል። አደጋ ሲሰማው ብርቱ ጡንቻዎቹን ሸምቆቆ ይዘጋል። የሚገርመው ራስ የሚባል ነገር የለውም። ምግብ የሚያኝክበት ጥርስም አልተሰጠውም። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ በአንድ ቱቦ ውሃ ይስባል፣ በሌላው ይተፋል፤ በመሐል ስንጥቡ አየሩንም ምግቡንም ያጠልለታል። ምግብ ፍለጋ አይወጣም፤ ምግቡ ከውሃው ጋር እቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ቤቱን ዘግቶ ጎረቤት የማይጠይቅ ሰው አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ባለ ክዳኑ እንዲያ ነው። የዘመዱ የሉል ኦይስተርም ጠባይ ይኸው ነው። ባዕድ ነገር፣ ብዙውን ጊዜ ጥገኛ ትል፣ ከክዳኑ ሥር ሲገባበት በሚያብረቀርቅ ንጣፍ ደጋግሞ ይሸፍነዋል። ሰው ሉል ብሎ በውድ ዋጋ የሚገዛው ይህንኑ ነው። የዳህላክ ደሴቶች ጠላቂዎች ለዘመናት እስትንፋሳቸውን ይዘው ወደ ቀይ ባሕር ወለል ይወርዱ የነበሩት ለዚህ ነበር።

ራቁቱ በተቃራኒው ነው። ከእንቁላል ሲፈለፈል የእጭ ዛጎል አለው፤ ልክ እንደ ዘመዶቹ። ጥቂት በውሃ ላይ ተንሳፎ ከቆየ በኋላ መልኩን ሲለውጥ ያንን ዛጎል ጥሎት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀሰው ሥጋውን ለውሃ አጋልጦ ነው። ራስ አለው፤ ራሱ ላይ ሽታ የሚለይባቸው ሁለት ቀንዶች አሉት፤ ምላሱም በጥቃቅን ጥርሶች የተሞላ ሞረድ ነው። ምግቡን እየተሳበ ይፈልጋል እንጂ አይጠብቅም። ወንድነትና ሴትነት በአንድ አካሉ ውስጥ ስላሉ የሚገናኙ ሁለቱም እንቁላል ይጥላሉ፤ እንቁላሉም እንደ ተጠቀለለ ጥብጣብ ሆኖ ድንጋይ ላይ ይለጠፋል።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ዓሣና ሸርጣን መካከል ያለ ዛጎል እንዴት ይኖራል? እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የብዙዎቻችን ግምት ዛጎል የሌለው ደካማ ነው የሚል ነው። ራቁቱ ግን የሚከላከልበትን ነገር ከሌሎች ይወስዳል። አንዳንዱ ወገን ስፖንጅ ይበላል። ስፖንጅ መራራና መርዛማ ስለሆነ ብዙ እንስሳት አይደፍሩትም። ራቁቱ ግን መርዙን ሳይጎዳበት ይውጠውና በቆዳው ውስጥ ያጠራቅመዋል። ሌላው ወገን የሚናደፉ የባሕር እንስሳትን ይበላል። የእነርሱን የመናደፊያ ሕዋሳት ሳይፈነዱ ያሳልፋቸውና በገዛ ጀርባው ላይ ባሉት ጣት መሰል ዘርፎች ጫፍ ላይ ይተክላቸዋል። የጠላቱን ጠመንጃ ማርኮ በገዛ አጥሩ ላይ እንደሚደግን ሰው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መደበቅ አያሻውም፤ ብርቱካናማ፣ ወይን ጠጅና ቢጫ ሆኖ በግልጽ ይንሸራሸራል። ቀለሙ «አትንኩኝ» የሚል ማስታወቂያ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በቅርባችን ባሕር የሚገኘውና የታወቀው «የስፔን ደናሽ» የሚሉት ቀይ እንስሳ ነው። ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። ሲነካ ጠርዙን እንደ ቀሚስ እያወናጨፈ በውሃው ውስጥ ይዋኛል። ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ከቀይ ባሕር አግኝቶት ከባልደረባው ከሎይካርት ጋር ስም አወጡለት። ይህ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገብቶ እስከ ሰሜንና ጎንደር ዘልቋል። የዋልያ አይቤክስንና የጭላዳ ዝንጀሮን ሳይንሳዊ ስም ያወጣው እርሱ ነው። የስፔን ደናሹ ከስፖንጅ የወሰደውን መርዝ ለራሱ ብቻ አያውለውም፤ ለእንቁላሎቹም ያካፍላል። ስለዚህ እንደ ጽጌረዳ አበባ የተጠቀለለው ቀይ የእንቁላል ጥብጣቡ አብዛኞቹ እንስሳት ሳይነኩት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ «ይበላል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ መኖሩ አይቀርም። በሐረርጌ በብዛት የሚሠራበት የሻፊዒ መዝሀብ በባሕር ብቻ የሚኖሩ እንስሳትን በጥቅሉ ሲፈቅድ፣ የሐነፊ መዝሀብ ደግሞ ከባሕር ዓሣን ብቻ ይፈቅዳል፤ ሰውን የሚጎዳ መርዛማ ነገር ግን አይፈቀድም። ዝርዝሩን ለዑለሞቻችን እንተወው። ባለ ክዳኑ በብዙ አገር የጠረፍ ሰዎች ምግብ ነው፤ ራቁቱን ግን ዓሣ እንኳ ቀምሶ ይተፋዋል።

ወደ ውድድራችን እንመለስ። በብርሃን አጠቃቀም ሁለቱም አስደናቂ ናቸው። ከባለ ክዳኖቹ ትልቁ፣ በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች የሚኖረው ግዙፉ ክላም፣ ስፋቱ ከአንድ ሜትር፣ ክብደቱም ከ200 ኪሎ ግራም ሊበልጥ ይችላል። የግዙፎቹ ወገን የሆኑ አነስ ያሉ ዘመዶቹ በቀይ ባሕርም አሉ። እነዚህ በካባቸው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎችን እንደ ገባር ያሳድራሉ፤ ቀን ክዳናቸውን ከፍተው ፀሐይ ያሞቋቸዋል፤ አልጌዎቹም ከብርሃን የሠሩትን ስኳር ያካፍሏቸዋል። ከራቁቶቹ መካከል ደግሞ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚኖር አረንጓዴ ዘመድ አለ። አልጌውን በሕይወቱ አያሳድረውም። አልጌውን ይመጠውና ብርሃን የሚሠራበትን ክፍል፣ ክሎሮፕላስት የሚባለውን ብቻ ለይቶ በሰውነቱ ውስጥ ያስቀረዋል። ከዚያ ለወራት ሳይመገብ ሊቆይ ይችላል። የሚያቆየው ያ የተሰረቀ ክሎሮፕላስት መሆን አለመሆኑን ግን ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የዚሁ ወገን የሆኑ ሌሎች ሁለት ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ2021 የጃፓን ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ጥናት የባሰ ነገር አሳይተዋል። ራሳቸውን ከአካላቸው ቆርጠው፣ ልባቸውን ጭምር ከኋላ ትተው፣ ራሱ ብቻውን እየተሳበ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ሌላ አካል ያበቅላል። ሱብሓነላህ ከማለት በቀር ምን ይባላል?

በዕድሜ ግን ራቁቱ አይቀርብም። አብዛኞቹ ራቁቶች የሚኖሩት ዓመት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ባለ ክዳኑ እንዴት እንደሚቆይ ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ2006 ከአይስላንድ ባሕር የወጣውን አንድ ክላም እንይ። የዚህ ወገን ዛጎል እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ አንድ መስመር ይጨምራል። ተመራማሪዎቹ መስመሮቹን መጀመሪያ ሲቆጥሩ 405 ዓመት አገኙ። ኋላ በተሻለ ዘዴ ደግመው ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ2013 ዕድሜው 507 ዓመት መሆኑን አስታወቁ። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1499 መሆኑ ነው። ሱልጣን አቡበከር እ.ኤ.አ. በ1520 የአዳልን መናገሻ ወደ ሐረር ሲያዛውሩ ይህ እንስሳ የ21 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምንም በዕድሜ ይበልጣቸዋል። የሚያሳዝነው ዕድሜው የታወቀው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው።

በዚህ የመስመር ቆጠራ በኩል እንደገና ወደ መቻራ እንመለሳለን። የዝናብ ውሃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ጥቂት ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ የኖራ ድንጋዩን ያሟሟል። የሟሟው ኖራ ዋሻው ጣሪያ ደርሶ ጠብ ሲል መልሶ ይጋገራል። የድሬዳዋ እናቶች ውሃ የሚያፈሉበት ዕቃ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እየጋገረ የሚያስቸግራቸው ይኸው ኖራ ነው። በዋሻው ወለል ላይ ግን ጠብታ በጠብታ ላይ እየተጋገረ ቀጥ ያለ ዓምድ ይሆናል። እንግዲህ ያ ዓምድ ከየት መጣ ብንል፣ በከፊል ከእነዚያ ከጥንቶቹ የባሕር ዛጎሎች ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ ምሁራን አስፋወሰን አስራትና መሐመድ ዑመር፣ አንዲ ቤከርን ከመሳሰሉ የውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ እነዚህን የመቻራ ዓምዶች አጥንተዋል። ከሩኬሳ የተወሰዱ ዓምዶች እንደ ክላሙ በየዓመቱ አንድ ስስ ንጣፍ ጨምረው ተገኝተዋል። ንጣፉ ወፍራም ወይም ቀጭን መሆኑና በውስጡ ያለው የኦክስጅን ዓይነት ስለ ጥንቱ ዝናብ ይናገራል። ለምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ ይህ ተራ ወሬ አይደለም። ማሽላው የሚዘራው በበልጉ ተስፋ ነው፤ በልግ በየስንት ዘመኑ እንደሚከዳ ከአያቶቻችን ትዝታ አርቆ የሚመሰክር ሌላ መዝገብ በአካባቢው ብዙ የለም። ዋሻ የሚገቡ ወጣቶች ለመታሰቢያ ብለው የዓምድ ጫፍ ሲሰብሩ የሚሰብሩት ይህንን መዝገብ ነው። የጣት ርዝመት ታህል ስባሪ ለማደግ መቶ ዓመታት ሊፈጅባት ይችላል።

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳነሳነው ጥያቄ እንምጣ። በዚያ በጁራሲኩ ባሕር ውስጥ ባለ ክዳኑ እንደነበረ ድንጋዩ ይመሰክራል። ራቁቱስ? ሥጋ ይበሰብሳል፤ ጭቃው ሳይሸፍነው በሸርጣን ይበላል። በዓለም ላይ በሙሉ የራቁቶቹ ቅሪተ አካል የለም ከማለት የሚቆጠር ነው። የቅርብ ዘመዶቻቸው የሆኑ ዛጎል ያላቸው ቀንድ አውጣዎች ግን በጁራሲክ ድንጋዮች ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ድንጋይ ዝም ስላለ ብቻ «አልነበረም» ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ ድንጋይ የሚይዘው ጠንካራ ነገር የነበረውን ነው። የዛጎል አልባውን ታሪክ ሊቃውንት የሚያነቡት ዛሬ በሕይወት ካሉት ዝርያዎች አካልና ዘረ መል እንጂ ከገደል አይደለም።

ይህን ስንል ራቁቱ ለሳይንስ ያበረከተው ትንሽ ነው ማለታችን አይደለም። «የባሕር ጥንቸል» የሚሉት ትልቅ ዘመዱ በሥጋው ውስጥ የተደበቀች ስስ የዛጎል ርዝራዥ ብቻ ቀርታለታለች። ያሉት የነርቭ ሕዋሳት 20,000 ገደማ ቢሆኑ ነው፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ በጣም ትልልቅ ናቸው። ኤሪክ ካንደል የተባለው ተመራማሪ ይህን እንስሳ እየነካካ ትምህርትና ትውስታ በነርቭ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ መረመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ራስ የሌለው ባለ ክዳኑ ለዚህ ሥራ ባልተመቸ ነበር።

በኖራ ድንጋይ አገር ያላችሁ ወጣቶች ሁለት ክዳን ያለው ድንጋይ ብታገኙ ክላም ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። በዚያው ባሕር ብራኪዮፖድ የሚባል፣ ከሞለስክ ወገን ያልሆነ ሌላ ባለ ሁለት ክዳን እንስሳም ነበር፤ ቅሪቱም በብዛት ይገኛል። መለያው ቀላል ነው። በአብዛኛው ክላም ሁለቱ ክዳኖች እንደ ሁለት መዳፍ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። በብራኪዮፖዱ ግን አንዱ ክዳን ከሌላው ይበልጣል፤ ይሁንና እያንዳንዱን ክዳን ከመሐል ብትከፍሉት ግራና ቀኙ እኩል ይሆናል። ከማንሳታችሁ በፊት የተገኘበትን ቦታ ጻፉ፤ ለመምህራችሁም አሳዩ።

ሊቃውንትም በክዳን ብዛት ተታለዋል። ጁሊያ በሚል ስም የሚታወቁ ጥቃቅን ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች ነበሩ። ለረጅም ዘመን የተገኘው ባዶ ዛጎላቸው ብቻ ስለነበር ያለ ጥርጥር ከክላም ወገን ተመድበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 በጃፓን ታማኖ በተባለ ቦታ ካዋጉቲ የተባለ ተመራማሪ ከባሕር ያወጣው አልጌ ላይ የዚያው ወገን የሆኑ እንስሳትን ከነሕይወታቸው አገኘ። ከሁለቱ ክዳኖች መካከል ራስ ብቅ አለ፤ ራሱ ላይም ሁለት ቀንዶች ነበሩ፤ እንስሳው በእግሩ እየተሳበ ቅጠሉ ላይ ይሄድ ነበር። የአረንጓዴው የአልጌ መጣጭ የቅርብ ዘመድ፣ ዛጎሉን ሳይጥል ለሁለት ከፍሎ የያዘ የባሕር ቀንድ አውጣ ነበር። «ክላም» ይባሉ የነበሩት ጁሊያዎች ከዚያ በኋላ ከቀንድ አውጣ ወገን ተመደቡ።